አሸዋ ውስጥ የገባ ደቃቅ አፈር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ ከሪቴይኒንግ ዎላችን (አፈር ከሚያግደው ግድግዳ) ጀርባ አሸዋ ሞልተን ነበር። ትንሽ አፈር ነበረበት። ክረምት ላይ ታዲያ ከማፋሰሻ ቱቦው ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ትንሽ አፈር ይህን ያህል ያደርጋል?

መልስ፦ እንዴታ! ውሃ የሚያልፈው በፍሬዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ደቃቁ አፈር ደግሞ የሚወሸቀው እዚያው ነው። አሜሪካዊው አለን ሄዘን እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀመር ለንጹሕ አሸዋ ዛሬም ይሠራል። ከአሸዋው ክብደት 10 በመቶው በስንት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያልፋል? ውሃ የማሳለፍ አቅሙ የዚያን ቁጥር ስኩዌር (ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ) ነው የሚከተለው። ቁጥሩ ከ0.3 ወደ 0.1 ከወረደ ውሃው 9 እጥፍ ይዘገያል። የቀረው 90 በመቶ ምንም ያህል ቢያምር አያድንህም። ቶሎ መፍትሔ ፈልግ፤ የታቆረ ውሃ ግድግዳ ይገፋል።

ጥያቄ፦ ደቃቅ የምትለው ከስንት በታች ነው?

መልስ፦ በ75 ማይክሮን (0.075 ሚሊ ሜትር) ወንፊት የሚያልፈው።

ጥያቄ፦ ፎርማናችን «ትንሽ አፈር ይኑረው፣ ይበልጥ ይጠቀጠቃል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እስከ ገደቡ ድረስ እውነቱን ነው። ደቃቁ ክፍተት ብቻ ሲሞላ ጭነቱን የሚሸከሙት እርስ በርስ የተነካኩት የአሸዋ ፍሬዎች ናቸው። ከ25 እስከ 35 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን ፍሬዎቹ ይለያያሉ። ከዚያ ወዲያ የምትቆመው በጭቃው ጉልበት ላይ ነው። ደግሞ ሳይጠቀጠቅ የተደፋ ከሆነ ጥቂቱም ያስቸግራል፤ መገናኛቸው ላይ ገብቶ ፍሬዎቹን ያራርቃል።

ጥያቄ፦ የአፈሩ ዓይነትስ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በጣም! ደለል አይጣበቅም፤ ሸክላ ይይዛል። ሸክላ የያዘ አሸዋ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲርስ ይለግማል። መረሬ ከሆነማ በሩቁ። ቤንቶናይት የሚባለውን ሸክላ ጥቂት በመቶ አሸዋ ላይ ቀላቅለው የኩሬ ወለል ይደፍኑበታል።

ጥያቄ፦ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1964 ኒጋታ፣ ጃፓን ውስጥ ውሃ ያዘለ ልል አሸዋ እንደ ፈሳሽ ሆኖ አፓርታማዎች ሳይፈርሱ ጋደም አሉ። ደለል መኖሩ ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ውሃው ቶሎ ስለማይወጣ ግፊቱ ይቆያል። የሚጣበቅ ሸክላ ግን ሊያግዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ሳልሄድ እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ ሃይላንድ ጠርሙስ ግማሹን አሸዋ ሙላ። ውሃና ቆንጠር ጨው ጨምረህ በደንብ ናጠው፣ ከዚያ አስቀምጠው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ሰዓታት ወስዶ ከላይ ይተኛል። ሁለቱን በማስመሪያ ለካ። ደቃቁ ልል ሆኖ ስለሚተኛ ከእውነተኛው ክብደቱ በዝቶ ይታያል። ለኮንክሪት አሸዋ የኢትዮጵያ ደረጃ ከ6 በመቶ በላይ አይፈቅድም፤ ካለፈ አጥበው ወይ መልሰው።