ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ኮምፒውተር እንደማስተምር ከተሰማ ወዲህ ጥያቄው በዝቶብኛል። አራቱን እነሆ።

ከሒሳብ ሸሽቼ ሶሲዮሎጂ ገባሁ። ኮምፒውተር ለእኔ ምን ያደርግልኛል? (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

ሽሽቱ አልሆነልህም፣ ልጄ። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የመጠይቅ መልሶችን የሚያሰላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ለእናንተው ነው፤ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው በሙሉ ስሙ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ከሠሪዎቹ አንዱ ኖርማን ናይ የፖለቲካ ሳይንስ ሰው ነበር።

የ60 አባወራዎችን መጠይቅ ኤክሴል ላይ አስገባሁ። የመንግሥት ሠራተኞቹን ሳስቆጥር ግን በአራት ተከፋፍለው ወጡ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን? (ተማሪ፣ ሸዋ ሮቢት)

ማሽኑ ደኅና ነው። አንዴ «መንግሥት» አንዴ «መንግስት»፣ አንዴ «ሠራተኛ» አንዴ «ሰራተኛ» እያልሽ ጽፈሻል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሠ እና ሰ የበ እና የተ ያህል ይለያያሉ። ሁለት ቃል በሁለት ሁለት መንገድ ሲጻፍ አራት ዓይነት ሠራተኛ ይወለዳል። ያስገባሽውን «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ አስተካክዪ። ለወደፊቱ ግን ቃሉን ትተሽ ቁጥር አስገቢ፦ ገበሬ 1፣ ነጋዴ 2፣ የመንግሥት ሠራተኛ 3። ፍቺውንም በሌላ ገጽ ላይ አስፍሪ፤ ከስድስት ወር በኋላ 3 ማን እንደነበር አንቺም ትረሺዋለሽ።

ጋብቻ የተፈጸመበትን ቀን 5/13/2016 ብዬ ብጽፍ ሜይ አደረገብኝ። (ተማሪ፣ ደብረ ሲና)

ጳጉሜን 5 ማለትህ ነበር። ኤክሴል 13ኛ ወር አያውቅም፤ ኮምፒውተርህ በአሜሪካ ልማድ ወርን ስለሚያስቀድም 5ን ወር፣ 13ን ቀን አደረጋቸው። ዓመቱንም በፈረንጅ ቆጠረው። ወደ እኛ ሲመለስ ሙሽሮቹ ግንቦት 5 ቀን 2008 ተጋብተዋል! የከፋው ደግሞ ዝምታው ነው፤ ጳጉሜን ከ6 ቀን ስለማያልፍ ማሽኑ ቀኑን ሁልጊዜ ወር መስሎት ይቀበለዋል እንጂ «ተሳስተሃል» አይልህም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይተህ ጻፍ።

ኮምፒውተሩ 10፣ ተማሪው 40፤ መብራትም ይሄዳል። ከምን ልጀምር? (መምህር፣ ሰሜን ሸዋ)

ከጥቁር ሰሌዳው ይጀምሩ። ስለ ኮምፒውተር ክፍሎች የሚሰጠው ማብራሪያ ይቆይ (እኔ በእሱ አንድ ሙሉ ወር አባክኛለሁ)። ሠንጠረዥ ይሥሩ፦ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ተጠያቂ፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ጥያቄ። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁና ይሙሉት፤ የቤተሰባቸውን ቁጥር አማካይም በእጃቸው ያውጡ። መብራት ሲመጣ ያንኑ ሠንጠረዥ አስገብተው ያስተያዩ። ውጤቱ ካልገጠመ ቀመሩ የትኞቹን ረድፎች እንደያዘ ጣታቸውን እያሳረፉ ይቁጠሩ።

ይህን የልጅ ሥራ ነው የሚል ቢመጣ ሬንሃርትና ሮጎፍ የተባሉትን ስመ ጥር ኢኮኖሚስቶች ይጥቀሱለት። እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ መንግሥታት ዕዳ ባወጡት ጽሑፍ፣ ከተገኙት ስሕተቶች አንዱ የኤክሴል የአማካይ ቀመራቸው አምስት አገሮችን መዝለሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉዳዩን ይፋ ካወጡት አንዱ ቶማስ ሄርንደን ሲሆን፣ ያን ጊዜ ተማሪ ነበር፤ ስሌቱን መድገም የጀመረውም ለክፍል ሥራ ነው።