«ቀልብሽ የት ነው?»

ውድ ዶክተር፣

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ቆሽቴ ስላረረ ነው።

ባለፈው ወር ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ለምኜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተሰልፌ ካርድ አወጣሁ። ተራዬ የደረሰው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ምን እንደምል ለሁለት ሳምንት ሳጠና ነበር፤ ወረቀት ላይም ጽፌዋለሁ። ወረቀቱን ቤት ረስቼው ሄድኩ።

እንደምንም በቃሌ ተናገርኩ። ነገር እረሳለሁ። የጀመርኩትን አልጨርስም። ሰው እያዋራኝ ሐሳቤ ይሄዳል። ስለ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ስለ ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ ችግር፣ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ራሴን ያገኘሁ መሰለኝ አልኩት። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እሱ የልጆች ነው፤ ትልቅ ሰው አይዝም። ሐሳብ አታብዢ» አለኝ። ቫይታሚን ጽፎ ሸኘኝ። ቢበዛ አምስት ደቂቃ ብቆይ ነው።

34 ዓመቴ ነው። አካውንታንት ነኝ። ቁጥር አስቸግሮኝ አያውቅም። ግን ባለፈው ዓመት ብቻ የቫት ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ ቀኑ አልፎብኝ ድርጅቱ ተቀጥቷል። ሰነዱ እኮ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር! አሁን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። ታክሲ ውስጥ ሐሳብ ይዞኝ ይሄድና ለገሃር መውረድ ሲገባኝ ሜክሲኮ እደርሳለሁ። በቀደም ሽሮ ጥጄ ሱቅ ወረድኩ። ሱቅ ስደርስ ምን ልገዛ እንደመጣሁ ጠፋኝ። እሱን ሳስብ ሽሮውን ረሳሁት። ስመለስ ጎረቤቶቼ ጭስ አይተው በሩን ሊሰብሩ ነበር።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ እሱም ግን ሰልችቶታል። «ቀልብሽ የት ነው?» ይለኛል። እናቴም፣ አስተማሪዎቼም፣ አለቃዬም ዕድሜ ልኬን የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ልጄም መንገዴን ይዟል። ሦስተኛ ክፍል ነው። እርሳስ በየቀኑ ይጥላል፤ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሹራብ ጠፍቶበታል። እናቴ «ቁርጥ አንቺን! አንቺም በሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበርሽ» እያለች ትስቃለች። እኔ ግን እንደኔ እንዳይሆን ገና በልጅነቱ እየቆነጠጥኩ፣ ሲብስም በቀበቶ እየቀጣሁ እያስተካከልኩት ነው። የሱ ነገር ብዙም አያሳስበኝም።

የሚያንገበግበኝ ያ ሰውዬ ነው። አራት ሰዓት ጠብቄ አምስት ደቂቃ! ደም ግፊቴን እንኳ አልለካም። ጓደኛዬ «ምን አለፋሽ፣ በቀጥታ አማኑኤል ሂጂ» አለችኝ። አማኑኤል ስገባ ያየኝ ሰው ምን ይላል?

አንድ ነገር ልጠይቅዎትና ላብቃ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የምትኖረው። እዚያ ተመርምራ፣ ኤዲኤችዲ ተብላ መድኃኒት ትወስዳለች። ሰው ሲመጣ ከራሷ ቀንሳ 20 ፍሬ ላከችልኝ። አንድ ቀን አንዷን ዋጥኩ። የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ጨረስኩ። ማታ ልቤ ሲደልቅ አድሮ እንቅልፍ አጣሁ እንጂ። መድኃኒቱ ከሠራልኝ በሽታው አለብኝ ማለት አይደል? 19 ቀርተውኛል። ልቀጥል?

ቀልቤን ያጣሁ፣ ከአራት ኪሎ

*

እህቴ፣

ከክኒኑ በፊት ስለ ልጅሽ እናውራ። ስለ ሰውዬው አንድ ገጽ ጻፍሽ፤ ስለ ልጅሽ ጥቂት መስመር። «ብዙም አያሳስበኝም» አልሽ። እኔን ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ቀበቶውን ዛሬ አስቀምጪው። እስከ ነገ አታቆዪው። አንቺን በልጅነትሽ ስንቴ ቆነጠጡሽ? ይኸው በ34 ዓመትሽ ሽሮ ያርርብሻል። ቁንጥጫ የሚያድን ቢሆን ኖሮ አንቺ የዳንሽው ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ ነበር። ሹራቡን የጣለው ንቆሽ አይደለም። አንቺም ወረቀቱን ቤት የረሳሽው ባለሙያውን ንቀሽ አልነበረም።

ልጁ ኤዲኤችዲ አለበት እያልኩሽ አይደለም። ሳላየው እንዲህ አልልም። ግን ይህ ችግር በቤተሰብ ይወርዳል። መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰውና በሰው መካከል ካለው ልዩነት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ከዘር የሚመጣ ነው። ቁመት የሚወረሰውን ያህል ማለት ይቻላል። አጭር ልጅ እንዲረዝም ተብሎ አይገረፍም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። እናትሽ እየሳቁ የተናገሩትን እንደ ቀልድ አለፍሽው። እኔ ባለሙያው ወንበር ላይ ብሆን ኖሮ እስክሪብቶዬን የማነሳው እዚያ ላይ ነበር። ኤዲኤችዲ በደም ምርመራ አይታወቅም። በራጅም አይታይም። የሚታወቀው በታሪክ ነው። ከዘጠኝ የትኩረት ምልክቶች ወይም ከዘጠኝ የመቅበጥበጥ ምልክቶች አዋቂ ሰው ላይ ቢያንስ አምስት መገኘት አለባቸው። ቢያንስ ሁለት ቦታ መታየት አለባቸው፤ አንቺ ቢሮውንም ማድ ቤቱንም ነግረሽኛል። ኑሮን ማወክም አለባቸው። ከምልክቶቹም የተወሰኑት 12 ዓመት ሳይሞላ የጀመሩ መሆን አለባቸው። የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ ድሮ 7 ዓመት ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው ወደ 12 ከፍ ያደረገው። በልጅነትሽ እንዴት እንደነበርሽ ካንቺ ይልቅ የሚያስታውሱት እናትሽ ናቸው። ካርድሽንም አልጣሉትም ብዬ እገምታለሁ፤ የኛ እናት የልጇን ካርድ አትጥልም። ከውጤቱ በላይ የአስተማሪዋ አስተያየት ይጠቅመናል።

ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ የሚዘል ልጅ ቶሎ ይታያል። መስኮት እያየች ሐሳብ የሚወስዳት ልጅ ግን ማንንም ስለማትረብሽ «ዝንጉ» ተብላ ታልፋለች። ሴቶች እስኪያድጉ ድረስ ሳይታወቅላቸው ከሚቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

«ትልቅ ሰው አይዝም» ያለሽ ባለሙያ ተሳስቷል። በዓለም ላይ ከ100 አዋቂዎች ሁለት ወይም ሦስቱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች በሚሠለጥኑበት የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው እትም፣ ይህ ችግር የተቀመጠው በልጆችና በወጣቶች ምዕራፍ ውስጥ ነው። ይህ ማብራሪያ ነው፤ ማመካኛ አይሆንም። ቀና ብሎ የሰው ፊት ለማየት ሥልጠና አያስፈልግም።

እኔም ጤና ጣቢያ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ይህ ምርመራ መጀመር ያለበት እዚያው ነው ብዬ አምናለሁ። መሣሪያ አይጠይቅም። ወንበር፣ ግማሽ ሰዓትና ደህና ጥያቄ ይበቃዋል። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የተዘጋጀ ስድስት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። አንደኛው ጥያቄ ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ የቀረችውን ትንሽ ነገር መቋጨት ምን ያህል ያስቸግርሃል የሚል ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ልብስ ሰፊ ለራስ ምታት መጣች። ስለ ሥራዋ ስናወራ ቤቷ 11 ቀሚስ እንደተሰቀለ ነገረችኝ። ሁሉም ተሰፍተዋል። «ምን ቀራቸው?» አልኳት። «ቁልፍና ቅምቅማት» ብላ አለቀሰች። ደንበኞቿ ስልክ እየደወሉ ነበር፤ እሷ አታነሳም። ራስ ምታቱ ከዚያ ነበር። ያንቺም የቫት ሰነድ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ የቀረው እንዲሁ ይመስለኛል።

እርግጥ መጠይቁ በር ይከፍታል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። የእንቅርት ሆርሞን መዛባት፣ ደም ማነስ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀትና ድብርት፣ መጠጥም ጫትም ቀልብ ያሳጣሉ። እነሱ መጣራት አለባቸው። ድብርት ብዙ ጊዜ የጀመረበት ወቅት አለው፤ «ከዚያ በፊት ደህና ነበርኩ» ይላል ሰው። አንቺ «ከዚያ በፊት» የምትይው ጊዜ አለሽ? ከደብዳቤሽ አላገኘሁም።

ክኒኑን አትቀጥይ። ስሙን እንኳ አልጻፍሽልኝም። አሜሪካ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ሜቲልፌኒዴት ወይም የአምፌታሚን ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱም የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራሉ። አንቺ ደግሞ ግፊትሽ ስንት እንደሆነ አታውቂም፤ ልብሽ ሲደልቅ ማደሩን በግማሽ መስመር አለፍሽው። ሐኪም ይህን መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ግፊትሽን ይለካል። ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ ድንገት የሞተ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከልክ ያለፈ የደስታና የንቃት በሽታ ይዞሽ እንደሚያውቅም ይጠይቃል፤ መድኃኒቱ ያንን ሊቀሰቅሰው ይችላልና። ከዚያም በትንሽ ጀምሮ እያየ ይጨምራል። ያቺ ክኒን የተለካችው ለአክስትሽ ልጅ ነው።

«ከሠራልኝ አለብኝ ማለት ነው» ላልሽው፣ አይደለም። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በሽታው የሌለበትንም ሰው ለጊዜው ያነቃሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ቅርብ ዘመድ ነው። ለፈተና ቅሞ ያደረ ተማሪ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት አንልም። ሌላም አለ። ሁለቱም መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ያሉ ናቸው። በሰው ሻንጣ የሚላክ ነገር አይደለም፤ ያመጣልሽንም ሰው ችግር ላይ ልትጥሉት ትችላላችሁ። 19ኙን ልጅሽ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፊባቸው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ዋጥኩ ብለሽም ተናገሪ።

መድኃኒት አልጠላም። በምርመራ ሲታዘዙ እነዚህ መድኃኒቶች በአእምሮ ሕክምና ውስጥ ጥሩ ውጤት ከሚያሳዩት መካከል ናቸው። አቶሞክሴቲን የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ፤ የሚያነቃቃ አይደለም፤ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ልማድን የሚያስተካክሉበት ሕክምናም ይረዳል። ግን ያ ሁሉ የሚመጣው አንድ ሰው በደንብ ካዳመጠሽ በኋላ ነው።

ስለ አማኑኤል አንድ ነገር ልበልሽ። የሆስፒታሉን ስም ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። በዚያ በር የገባ ብዙ ሰው ድኖ ሥራው ላይ ተቀምጧል። በር ላይ የሚያይሽ ሰው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያሽን አያነሳልሽም። እዚያ መሄድ ከከበደሽ ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የዘርፉን ስፔሻሊስቶች እዚሁ ያሠለጥናል። መጀመሪያ ግን ወደ ጤና ጣቢያሽ ተመለሺ። አውቃለሁ፣ መልሶ መሰለፍ ያማል። ሌላ ባለሙያ ጠይቂ። ግፊትሽንና የልብ ምትሽን ያስለኩ። የደም ምርመራውን ያዙልሽ። በዚህ አልችልም የሚል ከሆነ ሪፈር ይጻፍልሽ፤ ሪፈሩ ላይም «ኤዲኤችዲ ተጠርጥሮ» ተብሎ ይጻፍ። ይህን ለመጠየቅ መብት አለሽ።

ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ አታስቀምጪው፤ ቦርሳ ይቀየራል። ስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺው። ባለቤትሽንም አስከትይ፤ ከጎንሽ ሆኖ የሚያየውን ይናገር። ይህን ደብዳቤም ያንብበው፤ «ቀልብሽ የት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «ምን ላስታውስሽ?» ቢልሽ ይቀልሻል።

ዛሬ ማታ ለእናትሽ ደውዪ። «በልጅነቴ እንዴት ነበርኩ?» በያቸው፤ ሲስቁ አብረሽ ሳቂ፣ ግን ጻፊው። ካርዱን ይፈልጉልሽ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ሁለት ሚስማር ምቺ፤ ልጅሽ መዶሻውን ያቀብልሽ። የላይኛው ላንቺ ቁልፍ፣ ዝቅ ያለው ለሱ ሹራብ።