ክኒኑን በፖለን ለመተካት ላሰብሽው እህቴ

አብሽሪ እህቴ። እናትሽ የደም ማነስ አለባቸው ተብለው የታዘዘላቸውን ክኒን ትተው የንብ ፖለን፣ ማለትም ንቦች ከአበባ ለቅመው ወደ ቀፎ የሚያስገቡትን ብናኝ፣ ሊጀምሩ እንደሆነ ጽፈሻል። «ቫይታሚኑ ሁሉ አለበት የሚባለው እውነት ነው ወይ?» ብለሻል። እኔ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ንብ አነባለሁ፣ ፖለንም ከራሴ ቀፎ እሰበስባለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

1ኛ. ክኒኑን እንዳያቆሙ! ፖለን ምግብ ነው፣ ያውም ደህና ምግብ። ንቦቹ እጫቸውን የሚያሳድጉት በሱ ነው። እንደ አበባው ቢለያይም ፕሮቲኑ 20 በመቶ አካባቢ ነው። ፎሌትን ጨምሮ ቢ ቫይታሚኖች አሉት። ቢጫውና ብርቱካናማው ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቤታ ካሮቲን አለው። ብረትና ዚንክም አያጣም። ግን የሚበላው በማንኪያ ነው። 5 ግራም በምትይዝ የሻይ ማንኪያ ፕሮቲኑ 1 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ይሰጣቸዋል። ብረቱም እንደዚያው ትንሽ ነው፣ የክኒኑን ቦታ አይሸፍንም። ቢ12 ከፈለጉ ደግሞ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እንጂ ፖለን አይሆናቸውም።

2ኛ. ከማን እንደምትገዢ እይ። እዚህ ላይ ሆዴ ያረረበት ነገር አለ። ከቀፎ የወጣ ፖለን ከ20 እስከ 30 በመቶ ውሃ ነው፤ ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል። እኔ ነፋስ ባለው ጥላ ውስጥ አሰጣዋለሁ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዲሞቅ አልፈቅድም። በመስከረም ንቦቹ አደይ አበባውን እግራቸው ላይ ጠቅልለው ሲገቡ ቢጫው ዓይን ይወጋል። ያንን ለቅሜ፣ አድርቄ ደሴ ላለ አንድ ሱቅ አስረከብኩ። ሰውየው በነጭ ጠርሙስ ሞልቶ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ደረደረው። ብርሃንና ሙቀት ካሮቲኑንና ቫይታሚን ሲውን ይጨርሱታል። «ወደ ውስጥ አስገባው» ብለው «አንተ ንብህን ጠብቅ፣ ንግዱን ለኔ ተው» አለኝ። ክዳኑንም በየጊዜው እየከፈተ ለደንበኛ ያስቀምስ ነበር፤ እርጥበት ገባበት። ፖለኑ ገርጥቶ ሲሻግት ለገዢዎቹ የነገራቸው «የሐይቁ ልጅ ያመጣው ነው» ብሎ ነው። ያን ሁሉ ልፋቴን በአንድ ቃል አፈር አስበላው። ከዚያ ወዲህ ለሱቅ አልሰጥም። በጥቁር ጠርሙስ አሽጌ ከቤቴ እሸጣለሁ፤ ከኮምቦልቻ ድረስ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ።

ስትገዢ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣትሽ ጨፍልቂያት። የደረቀ ፍርክስ ይላል፤ እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ተይው። ጠርሙሱን ስታነቃንቂው ፍሬዎቹ ተለያይተው መንኳኳት አለባቸው። ክዳኑን ከፍተሽም አሽቺው፤ የሻጋታ ሽታ ካለው አትክፈዪ።

3ኛ. እናትሽ አስም ወይም የአበባ አለርጂ ካለባቸው ጨርሶ አይሞክሩት። ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ፊት የሚያሳብጥ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ይህ ሁሉ ከሌለባቸው ከምግባቸው ጋር ይጨምሩት። መጀመሪያ ጥቂት ፍሬ ብቻ ስጫቸውና ምንም ካልሆኑ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። የፖለን ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ ቢውጡት ብዙው ሳይፈጭ ያልፋል። ማታ እርጎ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት አማስለሽ አቅርቢላቸው።