አከራይ የማኅበር መዋጮ ሲያጓድል የተከራይ ካርድ ይዘጋል?

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብሁት። ፍሎሪዳ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ኪራይዎን በየወሩ ሳያጓድሉ ይከፍላሉ፤ አከራይዎ ግን ሕንፃውን ለሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚገባውን ወርኃዊ መዋጮ ባለመክፈላቸው የመዋኛ ገንዳው፣ የጂሙና የመኪና ማቆሚያው መግቢያ ካርድ ተዘግቶብዎታል። «ዕዳው የሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ለምን በእኔ ላይ ይወድቃል? ኪራዩን ብይዝባቸውስ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በዚያው ግዛት በተከራይነት ስኖር ይኸው ደርሶብኛል። ጠበቃ ባልሆንም ያን ጊዜ የኮንዶሚኒየም ሕጉን ተቀምጬ ለማንበብ ተገድጄ ነበርና፣ ያገኘሁትን ከደረሰብኝ ጋር አያይዤ ልጻፍልዎ።

መራራውን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ገንዳውንና ጂሙን ሊዘጉብዎ ይችላሉ። የፍሎሪዳ የኮንዶሚኒየም ሕግ (ምዕራፍ 718) አንቀጽ 718.106 ቤት ሲከራይ የጋራ መገልገያዎችን የመጠቀም መብት ለተከራዩ እንደሚሆን፣ ተከራዩ መብቱን በጽሑፍ ካልተወ በቀር ባለቤቱ በእንግድነት ካልሆነ መጠቀም እንደማይችል ይናገራል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ወረቀቱን አትሜ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ወርጄ ነበር። አንቀጽ 718.303ን ግን ገና አላየሁትም ነበር። እርሱ፣ ባለቤቱ ክፍያውን ከ90 ቀን በላይ ካሳለፈ፣ ማኅበሩ የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በቤቱ የሚኖረውን ሰውና የእንግዶቹንም የመጠቀም መብት ዕዳው ሙሉ በሙሉ እስኪከፈል ድረስ ማገድ እንደሚችል በግልጽ ይደነግጋል። ይህ ሥልጣን የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ የቤት ገበያው ከወደቀ በኋላ ብዙ ባለቤቶች ከተከራይ ኪራይ እየተቀበሉ ለማኅበር መክፈል አቁመው ነበርና፣ በአግባቡ የሚከፍሉት ጎረቤቶች የመድኅኑን፣ የጥገናውንና የገንዳውን ወጪ ብቻቸውን ይሸከሙ ነበር። ምክንያቱን ስረዳ ንዴቴ ጥቂት በረደ፤ ግን በሦስተኛ ሰው በኩል ባለዕዳን ማስጨነቅ ፍትሐዊ ነው ብዬ ዛሬም አላምንም።

አሁን ወደሚጠቅምዎት ልምጣ። ይኸው አንቀጽ ሊታገዱ የማይችሉ ነገሮችንም ይዘረዝራል፦ ወደ ቤትዎ ለመድረስ የግድ የሚያስፈልገውን መተላለፊያ፣ ለቤቱ የሚሰጠውን የውኃና የመሳሰለውን አገልግሎት፣ ለዚያ ቤት ብቻ የተመደበውን ቦታ፣ አሳንሰሩን፣ እንዲሁም የመኪና ማቆሚያውን። ስለዚህ የማቆሚያ ካርድዎ መዘጋቱ ከሕጉ ውጭ ነው። በእኔም ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ የገንዳው፣ የጂሙና የማቆሚያው በር በአንድ ካርድ ስለሚከፈቱ ሠራተኛው ካርዱን በሙሉ አጥፍቶት ኖሯል። ለሁለት ቀን መኪናዬን መንገድ ላይ ካሳደርሁ በኋላ፣ የአንቀጹን ቃል ጠቅሼ «የገንዳውን ጉዳይ ለጊዜው ትቼ የማቆሚያውን ብቻ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ» የሚል አጭር ኢሜይል ለሥራ አስኪያጁና ለቦርዱ ሰብሳቢ ላክሁ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። እርስዎም ሁለቱን ጉዳዮች ባይቀላቅሉ ይሻላል፤ «ሁሉንም ክፈቱልኝ» ያለ ሰው ክርክር ውስጥ ይገባል፣ የማቆሚያውን ብቻ የጠየቀ ግን የሚከራከረው አያገኝም። (የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም ሳይሆን የራሱ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለው የመኖሪያ መንደር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ምዕራፍ 720 ይሆን ነበር፤ እርሱም መግቢያ መውጫንና መኪና ማቆምን ከእገዳ ውጭ ያደርጋል።)

ሌላው ሊጠይቁት የሚገባ ነገር እገዳው በምን ሥርዓት እንደተወሰነ ነው። እገዳው በአግባቡ በተጠራ የቦርድ ስብሰባ ላይ መጽደቅ አለበት፤ ከጸደቀም በኋላ ለባለቤቱና በቤቱ ለሚኖረው ሰው በፖስታ ወይም በእጅ መገለጽ አለበት። አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በራሱ ውሳኔ ካርድ ሊዘጋ አይችልም። እኔ የስብሰባው ቀን እንዲነገረኝና የማስታወቂያው ቅጂ እንዲሰጠኝ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ በእኔ ጉዳይ ቦርዱ በእርግጥ ድምፅ ሰጥቶበት ስለነበር ገንዳው እንደተዘጋ ቀረ። የእርስዎ ቦርድ ይህን አድርጎ እንደሆነ ግን ሳይጠይቁ ሊያውቁ አይችሉም።

ኪራዩን ስለመያዝ የጠየቁትን በተመለከተ፣ በገዛ ፈቃድዎ እንዳያደርጉት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። በፍሎሪዳ አከራይ ኪራይ ሲቀርበት ቅዳሜና እሑድን፣ በዓላትንም ሳይጨምር የ3 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊወስድ ይችላል፤ እዚያም ኪራዩን በፍርድ ቤቱ ካላስያዙ ወይም መጠኑ እንዲወሰን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላመለከቱ፣ የፈለገውን ያህል በቂ ምክንያት ቢኖርዎት መከራከሪያዎን ያጣሉ። በገንዳ ምክንያት የተጀመረ ነገር ከቤት በመባረር መዝገብ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው፤ ያ መዝገብ ደግሞ ቀጣዩን ቤት ሲፈልጉ ተከትሎዎት ይሄዳል። የኪራይ ውልዎ ገንዳውንና ጂሙን በስም ጠቅሶ እንደሆነ ግን ይመልከቱ፤ ከጠቀሰ፣ አከራይዎ ውሉን እንዳላከበሩ ዘርዝረው፣ በ7 ቀን ውስጥ ካልታረመ ውሉን ለማቋረጥ እንደሚያስቡ በጽሑፍ የማስታወቅ መንገድ አለ። ጉድለቱ ውል ለማፍረስ የሚበቃ ከባድ ጉድለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው አከራካሪ ስለሆነ፣ እዚያ ደረጃ ከመድረስዎ በፊት ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ያማክሩ።

ኪራዩን ለአከራይዎ ሳይሆን ለማኅበሩ ሊከፍሉ የሚችሉበት አንድ ሕጋዊ መንገድ አለ፤ እርሱም ጠያቂው ማኅበሩ ሲሆን ነው። አንቀጽ 718.116 ማኅበሩ ለተከራዩ የጽሑፍ ጥያቄ አቅርቦ፣ የባለቤቱ ዕዳ እስኪያልቅ ድረስ ኪራዩ ለማኅበሩ እንዲከፈል ማድረግ እንደሚችል ይፈቅዳል። ጥያቄው ሲደርስዎ መክፈል ግዴታ ነው፤ እምቢ ካሉ ማኅበሩ ራሱ ሊያስወጣዎት መክሰስ ይችላል። ከከፈሉ ደግሞ አከራይዎ ያንኑ ገንዘብ ከእርስዎ ሊጠይቁ አይችሉም። ለእኔ ደብዳቤው የመጣው ካርዱ ከተዘጋ በሦስተኛው ወር ነው። አከራዬ በስልክ «ለእነርሱ አንዲት ሳንቲም ብትሰጥ ዕቃህን አውጣ» አሉኝ። ድምፃቸው የጨነቀው ሰው ድምፅ ስለነበር ክርክር ውስጥ አልገባሁም፤ የደብዳቤውን ቅጂ ከአንቀጹ ጋር ላክሁላቸው፣ ኪራዩን ለማኅበሩ ከፈልሁ፣ ደረሰኙንም በዚያው ቀን ለእርሳቸው አስተላለፍሁ። ከዚያ በኋላ የመባረር ነገር አልተነሣም። በሁለት ወር ኪራይ ዕዳው ተዘጋ፤ ካርዱም ተከፈተ። ገንዳ ላልተጠቀምሁባቸው ወራት የኪራይ ቅናሽ ጠይቄ ነበር፤ አላገኘሁም።

እናም የእርስዎ ማኅበር ይህን ደብዳቤ ገና አልላከ እንደሆነ፣ «የጽሑፍ ጥያቄ ብታቀርቡልኝ ኪራዬን ለእናንተ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ» ብለው ይጻፉላቸው። በቃል የተነገረ ከለላ አይሆንዎትም፤ ወረቀቱ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ለአከራይዎ መክፈልዎን ይቀጥሉ። ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት የቀጣዩን ወር ኪራይ አስቀድመው ከፍለው ከሆነ ደግሞ፣ የከፈሉበትን የጽሑፍ ማስረጃ በ14 ቀን ውስጥ ለማኅበሩ ካቀረቡ ይታሰብልዎታል፤ እኔ ይህን የጊዜ ገደብ ያየሁት ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር።

ውልዎን የሚያድሱ ከሆነ ደግሞ፣ አከራይዎ ከማኅበሩ ዕዳ እንደሌለባቸው የሚገልጽ የጽሑፍ ማረጋገጫ አውጥተው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ። ብዙ ማኅበሮች በደንባቸው የኪራይ ውል የማጽደቅ ሥልጣን አላቸው፤ ሥልጣኑ ያለው ማኅበር ባለቤቱ ውዝፍ ካለበት ውሉን ላለማጽደቅ ይችላል። የእኔን ውል ያጸደቀው ማኅበር ዕዳው በመዝገቡ ላይ እያለ ነበር ያጸደቀው፤ የማመልከቻውንም ክፍያ ተቀብሎኛል።