«ደክሞህ መሆን አለበት» ወይስ «ሳይደክምህ አይቀርም»?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ ስተረጉም «ማስት» የሚለውን ረዳት ግሥ ሁልጊዜ «አለበት» እለዋለሁ። አርታዒዬ ግን «ሚኒስትሩ ይህን ማወቅ አለባቸው» ያልኩትን ሰርዛ «ሳያውቁ አይቀሩም» አለችው። ምን ልዩነት አለው?

መልስ፦ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ አርታዒዎም ልክ ናት። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ ካየው ነገር ተነሥቶ ሚኒስትሩ ያውቃሉ ብሎ መገመቱ ነው። «ማወቅ አለባቸው» ግን ግዴታ ነው፤ እንዲያውም እስካሁን አያውቁም የሚል ወቀሳ አዝሏል። «ደክሞሃል» ለሚል ግምት «መድከም አለብህ» የሚለው ትርጉም ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ሰውየው እንዲደክም የታዘዘ ያስመስለዋል።

ነገሩ ከሥሩ ነው። «አለበት» ውስጥ ያለው «በ» ጉዳትንና ሸክምን የሚያመለክተው «በ» ነው፦ ዕዳ አለበት፣ በሽታ አለበት፣ ፈረደበት። ንዑስ አንቀጽ (እንደ «ማወቅ»፣ «መድከም» ያለው) ሲቀድመው ድርጊቱ ራሱ ዕዳ ሆኖ ባለቤቱ ላይ ይወድቃል። «ማስት» የመጣበት መንገድ ሌላ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሞታን» የተባለው ግሥ የኀላፊ ጊዜ መልክ ነበር፤ «ሞታን» ደግሞ «ተፈቀደለት» ወደ ማለት ይቀርባል። ከፈቃድ ወደ ግዴታ፣ ከግዴታ ወደ ግምት ተሻገረ። የኀላፊ ጊዜ መልክ መሆኑም ስለተረሳ ዛሬ ያለፈ ነገር ሲገመትበት «ሃቭ» ይታከልበታል።

አማርኛ ለግምት የራሱ መሰላል አለው። «ሄዶ ይሆናል» ላላ ያለ ነው። «ሳይሄድ አይቀርም» ጠንካራ ግምት ነው፤ ሆኖም ሄዷልም ይሄዳልም ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ድርጊቱ ካለፈ «ሳይሄድ አልቀረም» ማለት ይሻላል። ሁለቱም ግሦች ከባለቤቱ ጋር ይስማሙ፦ «ሳትሄድ አትቀርም»። እንደ «ደከመኝ» ባሉት ግሦች ግን ሰውየው ተሳቢ እንጂ ባለቤት ስላልሆነ «ሳይደክምህ አይቀርም» እንላለን፤ «አትቀርም» አይገባበትም።

ግዴታ ወደ ግምት መሻገሩ በብዙ ቋንቋዎች የታየ ነውና «ደክሞህ መሆን አለበት» የአማርኛ የራሱ እድገት ነው የሚሉ አሉ። መሻገሩን አልክድም፤ የጀርመንኛው «ሙስን»ም እንዲሁ ያደርጋል። ግን ቦታው መች ባዶ ነበር? «ሳይደክምህ አይቀርም» አለመድከምን አስቀድሞ አንሥቶ ያፈርሰዋል፤ ግምቱ ጥንካሬ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ለእኔ ጆሮ «መሆን አለበት» ይህን ጣዕም አያመጣም።

ይሁንና ሁለት ነገሮች ያስገድዱኛል። አንደኛ፣ ሰው «ደክሞህ መሆን አለበት» ሲል «አለብህ» አይልም፤ ግሡ በመደብ መዘርዘሩ (አለብኝ፣ አለብህ ማለቱ) ቀርቶ በሦስተኛ መደብ ደርቋል። ሸክሙ ከሰውየው ወርዷል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የሰዋስው ለውጥ እንጂ የተርጓሚ ስሕተት ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ አሉታዊ ግምት ላይ የኛው ስልት ይደክማል። ደብዳቤው አልደረሰም ብለን ስንገምት «ሳይደርስ አይቀርም» ካልን መድረሱን ተናገርን፤ «ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል» ደግሞ ይላላል። «ሳይደርስ ቀርቶ መሆን አለበት» ክፍተቱን እንደሚሞላ ሳልወድ እቀበላለሁ።

ስለዚህ «መሆን አለበት»ን ለግምት ከተጠቀሙበት ቦዝ አንቀጽ (እንደ «አውቆ»፣ «ደክሞ» ያለውን) ያስቀድሙለት፤ «አለበት»ንም አይዘርዝሩት፦ «አውቀው መሆን አለበት»። ቦዝ አንቀጽ በሌለበት፣ ለምሳሌ «ቢሮ መሆን አለባት» ሲባል፣ ግዴታና ግምት ስለሚደባለቁ «ቢሮ ሳትሆን አትቀርም» ብለው ይጻፉ።