በቆሎ ሲወደድ አሳማዎቹን ምን እናብላቸው?

ወንድሜ፣ በቆሎ ስለተወደደብህ በማሽላ ወይም በገብስ ብተካው አሳማዎቼ ይጎዱብኛል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይጎዱም። እኔም ቢሾፍቱ ላይ ነጭ ማሽላ ማብላት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ኃይል ሰጪነቱ የበቆሎን 95 በመቶ ያህል ነው። በቆሎውን ሙሉ በሙሉ ቢተካም ችግር የለውም።

ግን የትኛው ማሽላ? ዘንጋዳ ከሆነ ተጠንቀቅ። ወፍ የማይደፍረው ታኒን የሚባል አፍ የሚያጨማድድ ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ታኒኑ ፕሮቲኑን ይዞ ሆድ ውስጥ አላስፈጭ ይላል። አሳማው ይበላል፣ ክብደት ግን አይጨምርም። ነጋዴው «ሁሉም ያው ማሽላ ነው» ቢልህ አትስማው። በቀለም ብቻም አትፍረድ፣ ቀይ ሆኖ ታኒን የሌለው አለ። አንድ ፍሬ ያዝና ላዩን በምላጭ ስስ አድርገህ ፋቀው። ከሥሩ ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ቡናማ ሽፋን ካየህ ታኒን አለው፤ ስታኝከውም አፍህን ጭምድድ ያደርገዋል።

ወፍጮውንም አደራ። የማሽላ ፍሬ ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ካልደቀቀ እንዳለ ይወጣል። ጠዋት በረቱን ስትጠርግ ዓይነ ምድራቸውን በእንጨት ገለጥ አድርገህ እየው። ሙሉ ፍሬ ካየህ ገንዘብህን ነው የምትጠርገው። ስንዴ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ እንደ ዱቄት ከላመ ጨጓራቸውን ያቆስላል። ሸርከት ብሎ ይፈጭ።

ገብስ ገለባ ይበዛዋል። ለእርጉዝ እናት በጣም ጥሩ ነው፤ ትጠግባለች፣ ከልክ በላይም አትወፍርም። ጡት ለጣሉ ግልገሎች ግን አልመክርህም። ደግሞ በጣሳ አትስፈር። አንድ ጣሳ ገብስ ከአንድ ጣሳ በቆሎ ይቀላል። ሚዛን ተጠቀም።

ብዙ አርቢ ስለ እህሉ ዋጋ ተጨንቆ ፕሮቲኑን ሲረሳ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። በቆሎም ማሽላም ገብስም ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፣ ያለ እሱ ደግሞ ሥጋ አይገነባም። የኑግ ፋጉሎ ብቻውን አይሞላውም፣ እሱም ላይሲን ያጥረዋል። አኩሪ አተር ጨምርበት፣ ግን ቆልተህ። ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ ያግዳል።

የሻገተ እህል በነፃ ቢሰጡህም አትቀበል። የሻጋታው መርዝ የሴቶቹን ብልት ያሳብጣል፣ እርግዝናም ያጨናግፋል።

ስትቀይር በአንድ ቀን አይሁን። መጀመሪያ ከበቆሎው ሩቡን፣ ከዚያ ግማሹን እያልክ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ጨርሰው። መሀል ላይ ተቅማጥ ከያዛቸው እዚያው ቆም በልና ሲረጋጉ ቀጥል።