ከየትኛው ወር ጋር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገጥማሉ። ወር በመጣ ቁጥር የኢንዱስትሪ፣ የግንባታ፣ የንግድና የዋጋ ቁጥር ይወጣል፤ አንዱ ወር ጮቤ ያስረግጣል፣ የሚቀጥለው ያስደነግጣል። ስድስት ጥያቄዎች መርጠናል። ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የዋጋ ንረት ቀነሰ ሲባል በየወሩ እሰማለሁ። እኔ ግን ዋጋው የቀነሰ አንድ ዕቃ አላገኘሁም። ማነው የሚዋሸው?» — ደመወዝተኛዋ

ማንም አልዋሸሽም እህቴ፣ ቃሉ ነው ያሳሳተሽ። ንረት ማለት ዋጋው ራሱ ሳይሆን የዋጋው አጨማመር ነው። በቁጥር እንየው። ዛሬ 100 የሆነ ነገር በዓመቱ 130 ገባ እንበል። ንረቱ 30 በመቶ ነው። በሁለተኛው ዓመት 143 ሆነ። አሁን ንረቱ 10 በመቶ ብቻ ነው፣ ዜናውም «ንረት ከ30 ወደ 10 ወረደ» ይላል። አንቺ ግን 100 ትከፍይበት ለነበረው 143 እየከፈልሽ ነው። ወደ 100 ይመለስ ቢባል ዋጋው በ30 በመቶ መውደቅ አለበት፤ ይሄ ደግሞ በአንድ ሁለት ዕቃ ላይ ይሆን እንደሆነ እንጂ በጠቅላላው ገበያ ላይ የሚታይ ነገር አይደለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሁለቱ ዓመት ደመወዝሽ 43 በመቶ ካልጨመረ በቀር ማማረርሽ ልክ ነው።

የባሰ የሚያወናብደው ግን ሌላ ነው። የወሩ ንረት (ካለፈው ወር ጋር የሚያስተያይ) እና የዓመቱ ንረት (ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር የሚያስተያይ) የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ አንዳንዴም በተቃራኒ መንገድ ይሄዳሉ። አርጀንቲናን እንይ። ዲሴምበር 2023 ላይ ዋጋ በአንድ ወር ብቻ 25.5 በመቶ ዘለለ። ከዚያ እየረገበ መጥቶ በኤፕሪል 2024 የወሩ ጭማሪ 8.8 በመቶ ሆነ። እሰየው ያሰኛል። የዓመቱ ንረት ግን በነዚያው ወራት ከ211.4 ወደ 289.4 በመቶ ወጣ! አንዱ ጋዜጣ «ንረት እየበረደ ነው» ሌላው «ንረት ጣሪያ ነካ» ቢሉ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እንዴት? የዓመቱ ቁጥር የ12 ወር ጓዝ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። አዲስ ወር ሲገባ ከኋላ አንድ አሮጌ ወር ይወጣል። የገባው ከወጣው ከበለጠ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ካነሰ ይቀንሳል። በኤፕሪል 2024 የገባው 8.8 ሲሆን የወጣው የኤፕሪል 2023 ቁጥር 8.4 ነበር። የገባው ከወጣው በጥቂቱ በለጠ፣ የዓመቱ ንረት ጨመረ። በሜይ 4.2 ገብቶ 7.8 ወጣና መውረድ ጀመረ። ያ አስፈሪው 25.5 ደግሞ ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ቆይቶ በዲሴምበር 2024 ሲወጣ፣ በቦታው 2.7 ገባና የዓመቱ ንረት ከ166 ወደ 117.8 በአንድ ጊዜ ወረደ። በዚያች ወር ገበያው ውስጥ ምንም ተአምር አልተሠራም። አሮጌ ወር ነው የወጣው።

አሜሪካም ይሄ ጭቅጭቅ ገጥሟታል። በጁላይ 2022 የወሩ ጭማሪ ዜሮ ነበር፣ የዓመቱ 8.5 በመቶ። የያኔው ፕሬዚዳንት ባይደን ዜሮውን አንስተው ሲናገሩ ተቃዋሚዎቻቸው 8.5ቱን ይዘው ተነሱባቸው። እና ቀጥሎ ዜና ስትሰሚ መጀመሪያ «ከወር ነው ከዓመት?» በይ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ የወሩን ንረት በ12 እንዳታባዢ። በየወሩ 2 በመቶ የሚጨምር ዋጋ በዓመቱ 24 ሳይሆን 26.8 በመቶ ይጨምራል፣ ጭማሪው በራሱ ላይ ስለሚወልድ።

«የድሮ ጋዜጣ ሳገላብጥ የቻይና ኢንዱስትሪ 35 በመቶ አደገ የሚል አየሁ። ይሄ ይቻላል እንዴ?» — የኢኮኖሚክስ ተማሪ

ቁጥሩ ልክ ነው። በ2021 የመጀመሪያ ሁለት ወራት የቻይና የኢንዱስትሪ ምርት ከዓመት በፊት ከነበረው በ35.1 በመቶ በለጠ። ጥያቄው ዓመት በፊት ምን ነበር የሚለው ነው። በ2020 መጀመሪያ በኮቪድ ምክንያት ፋብሪካዎች ተዘግተው ምርቱ 13.5 በመቶ ወርዶ ነበር። እስቲ እስክሪብቶ ያዝ። 2019ን 100 በለው። 2020 ላይ 86.5 ይሆናል። በዚያ ላይ 35.1 በመቶ ጨምርበት፣ 117 ገደማ ይመጣል። በሁለት ዓመት 17 በመቶ፣ በአማካይ በዓመት 8 ገደማ ማለት ነው። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ ራሱ 8.1 የሚለውን የሁለት ዓመት አማካይ አብሮ አውጥቶት ነበር፣ ርዕስ የሆነው ግን 35ቱ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከቆመ ሰው ጋር ቁመት ብትለካካ ረጅም ትሆናለህ፣ ምን ይገርማል።

ደግሞ ለምን ሁለቱን ወር አንድ ላይ አደረጉት ብለህ ይሆናል። የቻይናውያን አዲስ ዓመት አንዴ ጃንዋሪ ላይ፣ አንዴ ፌብሩዋሪ ላይ ይውላል። በዓሉ በዋለበት ወር ፋብሪካው ጭር ይላል። ወሮቹን ነጥለህ ካምናው ጋር ብታስተያይ የምታገኘው የበዓሉን ዝውውር እንጂ የኢንዱስትሪውን ጤና አይደለም። የምዕራባውያኑ ፋሲካም ያው ነው፣ አንዴ ማርች አንዴ ኤፕሪል ይሆናል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል።

እኔም ወድቄበታለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የፌብሩዋሪን ምርት ከጃንዋሪ ጋር አስተያይቼ «ምርት አሽቆለቆለ» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። በማግስቱ አንድ ጡረታ የወጡ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ደወሉ። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ልጄ፣ ፌብሩዋሪ ስንት ቀን አለው?» አሉኝ። እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በቀን 100 ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ በ31 ቀን 3,100፣ በ28 ቀን 2,800 ያመርታል። 10 በመቶ ገደማ «አሽቆለቆለ»፣ አንድም ሠራተኛ ሳይቀንስ። ፌብሩዋሪ 29 ቀን በሚሆንበት ዓመት ደግሞ 2,900 ያመርትና 3.6 በመቶ «አደገ» ይባላል።

ይሄን ለማስተካከል ነው «ከወቅት ተጽዕኖ የጠራ» የሚባለው ቁጥር የተፈጠረው። ጁሊየስ ሺስኪን የሚባል አሜሪካዊ በ1965 «ኤክስ-11» የተባለውን ዘዴ ከሠራ ወዲህ ብዙ አገሮች የእሱን ልጅና የልጅ ልጅ ነው የሚጠቀሙት። ዘዴው ባለፉት ዓመታት በዚህ ወር ላይ ሁሌ የሚሆነውን ያጠናና ያንን ቀንሶ የተረፈውን ያሳይሃል። ወርን ከወር የምታስተያይ ከሆነ የጠራውን ቁጥር ውሰድ። የጠራ ከሌለ ወሩን ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያይ፣ ያኔም ቢሆን አምና ጉድጓድ ውስጥ እንዳልነበረ አረጋግጥ።

«የግዥ ኃላፊዎች ኢንዴክስ 48 ገባ ማለት ምርቱ 48 በመቶ ሆነ ማለት ነው?»

አይደለም። የኩባንያዎች የግዥ ኃላፊዎች «ከባለፈው ወር ተሻለ፣ ያው ነው፣ ባሰ» ተብለው ይጠየቃሉ፤ ተሻለ ያሉት ሙሉ፣ ያው ነው ያሉት በግማሽ ይቆጠራሉ። ከ100 ሰው 25ቱ ተሻለ፣ 46ቱ ያው ነው ካሉ 25 ሲደመር 23፣ 48። ከ50 በታች ከሆነ ባሰ ያሉት ይበዛሉ ማለት ነው፣ በምን ያህል እንደባሰ ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

«ኮንትራክተር ነኝ። የግንባታ ፈቃድ በ20 በመቶ ጨመረ ይላሉ፣ እኔ ግን ሥራ የለኝም። ቁጥሩ ከየት ነው የሚመጣው?»

ፈቃድ ወረቀት ነው፣ እርስዎም ያውቁታል። ፈቃድ አውጥቶ መሬቱን የማይቆፍር ስንቱ ነው። ግንባታ ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ይለካል፦ ፈቃዱ ሲወጣ፣ መሠረቱ ሲቆፈር፣ ሥራው ተሠርቶ ሲከፈልበት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አሉ። ዛሬ የጨመረ ፈቃድ ለእርስዎ ሥራ ሆኖ የሚመጣው ቆይቶ ነው፣ ያውም ባንክ ካበደረ። የወለድ መጠን ሲጨምር ቶሎ ከሚታመሙት ዘርፎች አንዱ ግንባታ የሆነውም በብድር ስለሚሠራ ነው።

ሌላው፣ የግንባታ ቁጥር በአንድ ወር እንደ ፌንጣ ይዘላል። አንድ ባለ 300 ቤት ሕንፃ በወሩ መጨረሻ ቀን ፈቃድ ቢያገኝ የትንሽ አገር የወር ቁጥር ይቀየራል። ዝናብና ብርድም አለ። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የቤት ግንባታ መግለጫውን ሲያወጣ ከብዙዎቹ የለውጥ ቁጥሮች አጠገብ ኮከብ ያስቀምጣል፤ ትርጉሙ «ይሄ ለውጥ ከዜሮ የተለየ ነው ለማለት በቂ ማስረጃ የለንም» ነው። ጋዜጦቹ ቁጥሩን ይወስዱና ኮከቡን ይተዉታል። የሦስት ወር ወይም የስድስት ወር አማካይ ይዩ።

በገንዘብ የተለካ ከሆነም ይጠንቀቁ። ብረትና ሲሚንቶ 20 በመቶ ከተወደደ ያው ሥራ በብዙ ገንዘብ ተሠራ እንጂ የተጨመረ ግድግዳ የለም።

«ችርቻሮ ንግድ 12 በመቶ አደገ ተባለ። የኔ ሱቅ ግን የሚሸጠው ዕቃ ቀንሷል። እኔ ብቻ ነኝ የከሰርኩት?» — ባለሱቁ

አይዞህ ወንድሜ፣ ብቻህን ላትሆን ትችላለህ። የኮንትራክተሩ ነገር አንተም ጋ መጣ። 12 በመቶ ያደገው ገንዘቡ ነው ወይስ ዕቃው? ሽያጩ ከ100 ወደ 112 ሄዶ ዋጋ በ15 በመቶ ጨምሮ ከሆነ 112ን ለ1.15 አካፍል፣ 97.4 ይመጣል። ማለት የተሸጠው ዕቃ 2.6 በመቶ ቀንሷል። ካዝናው ሞላ፣ መደርደሪያው ግን እንዳለ ነው። መግለጫው ውስጥ «በቋሚ ዋጋ» ወይም «በመጠን» የሚል ቃል ፈልግ። ካላገኘህ በገንዘብ ነው ብለህ ውሰደው።

የውጭ ንግድ ላይ ደግሞ የአንድ ወር ቁጥር ከነጭራሹ አይታመንም። አንድ የተገዛ አውሮፕላን ወይም አንድ የዘገየች መርከብ ሚዛኑን ታዛባለች። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ አስመጪዎች ቀረጥ ሊጨመር ነው ሲባል ዕቃ ለማስገባት ተሯሯጡ፣ የማርች ገቢ ንግድ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በኤፕሪል ወዲያው 16 በመቶ ገደማ ወረደ። ማርችን ብቻ ያየ «አሜሪካውያን ገንዘብ ተረፋቸው» ይላል፣ ኤፕሪልን ብቻ ያየ «አለቀላቸው» ይላል። መጋዘን ነው የሞላው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«ባለፈው ወር የተነገረን ቁጥር በዚህ ወር ተቀይሮ መጣ። ሰርዘው ደልዘው ነው?» — ተጠራጣሪው

መጠርጠርህ ደግ ነው፣ ይሄኛው ግን በአብዛኛው የጤና ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሚወጣው ከኩባንያዎቹ ከፊሎቹ ቅጹን ሳይመልሱ ነው። የቀሩት ሲመልሱ ይከለሳል። ቶሎ ንገሩን ያልነው እኛው ነን፣ ቶሎ የተነገረ ነገር ደግሞ ይታረማል።

ክለሳው አንዳንዴ ትልቅ ይሆናል። ኦገስት 1 ቀን 2025 የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የሁለት ወር አዲስ የሥራ ቁጥርን በድምሩ በ258,000 ቀነሰ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ የቢሮውን ኃላፊ በዚያው ቀን አባረሯቸው። ቁጥሩ ግን እዚያው ቀረ። እኔን የሚያሳስበኝ የተከለሰ ቁጥር ሳይሆን ከሰው ኑሮ ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ቁጥር ነው። የአርጀንቲና መንግሥት በ2007 በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ጣልቃ ከገባ በኋላ የተነገረው የዋጋ ንረት ለዓመታት ዝቅ ብሎ ቆየ። አልቤርቶ ካቫሎ የሚባል ኢኮኖሚስት የሱፐርማርኬቶችን ዋጋ ከኢንተርኔት በየቀኑ እየሰበሰበ ሲያሰላው ከመንግሥት ቁጥር ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። በ2013 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በዚሁ ምክንያት አርጀንቲናን በይፋ ወቀሰ። በታሪኩ አንድን አገር እንዲያ ሲወቅስ የመጀመሪያው ነበር።

የዋጋ ቁጥር ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ። ምርቱ፣ ግንባታው፣ ንግዱ ሲከለስ፣ የዋጋ ኢንዴክስ በብዙ አገር አንዴ ከወጣ አይነካም። ኪራይ፣ ደመወዝና ጡረታ በእሱ ስለሚሰላ ነው። የተከፈለን ጡረታ «ተሳስተን ነበር፣ መልሱ» ማለት አይቻልማ።